ጣት የሚያስቆጥር መስመር

መስከረም 25 ቀን

ለምወድህ ታናሽ ወንድሜ፤

ከሁሉ አስቀድሜ የሰው አገር አየር እንዲስማማህ፣ ከክፉ ዓይንና ከክፉ አለቃ እንዲሰውርህ ፈጣሪን እለምናለሁ። እኔም አባባም ደህና ነን። ደህና ነን ስልህ ታዲያ ንዴቴን ሳልቆጥር ነው።

ስልክ እያለ ምን ደብዳቤ አስጻፈሽ እንደምትል አውቃለሁ። አጭር መልእክት ለሰላምታ እንጂ ለጸብ አይበቃም። በድምፅ ብደውልልህ ደግሞ አባባ አፍ አፌን እያዩ «ምን አለ? ምን አለ?» ሲሉኝ ወሬው ይበላሽብናል። ዳታውን ለእሑድ ነው የምቆጥበው፤ ከእሑድ በቀር አንዲት ፎቶ እንኳ አልከፍትም። ስለዚህ እንደ ድሮ ሰው በፖስታ እንጻጻፍ።

ትናንት የሆነውን አንተ አላየኸውም። ምስልህ አፉን ከፍቶ ስክሪኑ ላይ ደርቆ ሲቀር አባባ ጥያቄ ጠይቀውህ ነበር፤ ሥራ ቦታህ ያለው የወረቀት መቁረጫ ለእጅ መከላከያ አለው ወይ ብለው። የቤታችንን ሕግ ታውቃለህ፤ የጠየቀ ሰው መልስ እስኪያገኝ እጁን አያወርድም። እኔ ልብስ ላሰጣ ወጣሁ። ስመለስ ሩብ ሰዓት አልፏል፣ እጃቸው አየር ላይ ነው። በአገጫቸው ወደ አንተ አመለከቱና ግንባራቸውን አኮማተሩልኝ፤ «እያሰበ ነው» ማለታቸው ነበር። ሰባ አራት ዓመታቸው ነው እኮ! እጃቸውን ይዤ ያወረድኩት እኔ ነኝ።

እናታችን ካረፈች ወዲህ የአባባን የእጅ ቋንቋ የሚያውቅ ሰው በዓለም ላይ እኔና አንተ ብቻ ነን። ትምህርት ቤት የሚሰጠው የምልክት ቋንቋ አይደለም፤ እሳቸውና እናታችን ሙጫ ሲያቦኩና መጽሐፍ ሲጠርዙ እያዋጡ የሠሩት ነው። አባባ ፊደልም አልቆጠሩም። ዕድሜያቸውን ሙሉ የሰው መጽሐፍ ሲጠርዙ ኖረው አንድ ገጽ አላነበቡም። መስመሩ ሲንቀራፈፍ ሌላው ሰው ድምፅ ይቀርለታል፤ ለእሳቸው ምንም አይቀርላቸውም። አንተ ገና ስትከፍት አሥሩን ጣትህን ዘርግተህ በቤታችን ወግ «ደህና ነኝ» ስትላቸው እስከ ማክሰኞ ድረስ ፊታቸው ይበራል።

የስልክ ኩባንያው ሰዎች የሸጡልኝ የዳታ ጥቅል «ያልተገደበ» ይባላል። በወሩ የመጀመሪያ እሑድ ይበራል፤ ከዚያ በኋላ ያሉት እሑዶች ግን እንደምታውቃቸው ናቸው። ዛሬ ጠዋት ከሥራ አስፈቅጄ ሱቃቸው ሄድኩ።

«ያልተገደበ አላላችሁም እንዴ?» አልኳት ሠራተኛዋን።

«ያልተገደበው መጠኑ ነው እህቴ፤ ፍጥነቱ አይደለም።»

«ውሃው አይቋረጥም፣ ግን በጠብታ ነው ማለትሽ ነው?»

«እንደዚያ አይባልም» አለችኝ፣ «ፍትሐዊ አጠቃቀም ነው የሚባለው።»

እኔ አሥራ ዘጠኝ ዓመት የገበያ ሚዛን ስቆጣጠር የኖርኩ ሴት ነኝ። ከሚዛን ሥር ማግኔት የለጠፈ ሥጋ ሻጭ ይዣለሁ፤ የኪሎ ድንጋዩን ከውስጥ የቦረቦረ እህል ነጋዴ ይዣለሁ። ማጉደሉን «ፍትሐዊ» ብሎ የጠራው ግን ይህ ኩባንያ የመጀመሪያው ነው። ደሜ ፈላ። አልለቃቸውም። አንተ ብቻ እሑድ እሑድ አትጥፋብን።

ታላቅ እህትህ


ጥቅምት 12 ቀን

ለእታለም፣ እህቴም እናቴም ለሆንሽው፤

ጉልበትሽ አይድከም፣ ዓይንሽ አይፍዘዝ፤ ደግሞም ያ የስልክ ኩባንያ በማን እጅ እንደ ወደቀ ቶሎ ይግባው። ደብዳቤሽን ሳነብ ብቻዬን ሳቅኩ። አብሮኝ የሚኖረው ዳቦ ጋጋሪ ቀን ተኝቶ ነው የሚውለው፤ ከእንቅልፉ ብድግ ብሎ «ምነው ሎተሪ ወጣልህ?» አለኝ። «አይደለም፣ እህቴ ተናዳ ነው» አልኩት።

አባባ እጃቸውን ይዘው መቆማቸውን ስሰማ ግን ሳቄን አቆምኩ። እኔ በዚህ በኩል የእናንተ ምስል ቆሞብኝ፣ እኔም እጄን ሳላወርድ ነበር። ሁለታችንም ተገትረን ቀረን! ለጥያቄያቸው መልሱ ይኸው፤ ንገሪያቸው። መቁረጫው ሁለት ቁልፍ አለው፣ አንዱ በቀኝ አንዱ በግራ። በሁለት እጅ ሁለቱንም አንድ ላይ ካልተጫኑ ስለቱ አይወርድም። ስለዚህ ስለቱ ሲወርድ ሁለቱም እጆች ቁልፉ ላይ ናቸው ማለት ነው። አይስጉ።

የማተሚያ ቤቱ ሥራ በዝቷል። የትምህርት ቤት ደብተር ወቅት ነው፤ አለቃችን በየሰዓቱ እየመጣ ስንት ደረሰ ይላል። በእናንተ በኩል ትልቁ ጥቅል ይሻል እንደሆነ ትንሽ ገንዘብ ልላክልሽ? እሑድ አልቀርም። አንቺም ሰዎቹን ቀስ እያልሽ፤ በሚዛን የምትይዣቸው ነጋዴዎች እንዳይመስሉሽ።

ወንድምሽ


ኅዳር 8 ቀን

ለወንድሜ፤

ውለህ በምትገባበት ሁሉ በሩ ይከፈትልህ። ገንዘብህን አልፈልግም። የትልቁን ጥቅል ውል በማጉያ መነጽር አንብቤዋለሁ፤ ያው ነው፣ መስመሩን ማነቁን በሦስት ቀን ያዘገየዋል እንጂ። ይህን ያህል ከከፈልኩ ፊትህን ነው የምፈልገው።

አሁን ሥራዬን ልንገርህ። ሚዛን ጎደለ ብሎ መጮህ ዋጋ የለውም፤ መለካት ነው። አባባ ደብተር ጠረዙልኝ፤ ገጹ በቁጥር የተመታ፣ በድርብ ክር የተሰፋ፣ አንድ ገጽ ብትገነጥል ሌላው የሚያሳብቅ። ጠዋትና ከሰዓት በኋላ የመስመሩን ፍጥነት እለካና ከነሰዓቱ እጽፋለሁ። ወር ሲጀምር አሥራ ሁለት፣ አሥራ ሦስት የሚለው ቁጥር በዘጠነኛው ቀን ከአንድ በታች ይወርዳል። ቀስ ብሎ አይደለም የሚወርደው፤ አንድ ሰው እጁን እንደጫነበት ነው በአንድ ቀን።

ቁጥሩን ስነግራቸው በስልክ የሚመልሱት ሠራተኛ «እመቤት፣ ቁጥሩ ለመደበኛ አገልግሎት በቂ ነው» አሉኝ። በቂ ማለት ምን ማለት ነው? ለማን? ስለዚህ የራሴን መለኪያ ሠራሁ። ጎረቤታችን ጡረተኛዋ አዋላጅ ቤታቸው ሆነው በቪዲዮ ይደውላሉ፣ የፈለጉትን ያህል ጣት ያወጣሉ፤ አባባ አይተው ስንት እንደሆነ ያሳዩኛል፤ እኔ ልክ ወይም ስሕተት ብዬ እጽፋለሁ። ሙከራው ራሱ ዳታ ስለሚበላ ከግማሽ ደቂቃ አላሳልፍም። መስመሩ ሲታነቅ አዋላጇ አምስት ጣት ያወጡና አባባ ሁለት ያያሉ፣ ሦስት ያወጡና ጭጋግ ያያሉ። አንድ ቀን አባባ ቡጢ ነው ብለው አዋላጇን ምን አጠፋሁ ብለው ጠየቁ!

ለኩባንያው የጻፍኩት አቤቱታም አጭር ነው፦ «ከእናንተ የምፈልገው ጣት የሚያስቆጥር መስመር ነው።» ጎበዝ አላልከኝም?

አሁን ወደ አንተ። ጥቅምት 29 አልመጣህም። ኅዳር 6 መጣህ፣ ግን ከአንተ በኩል ጨለማ ነበር፤ «ካሜራው አልሠራ አለኝ፣ መስመሩም ደካማ ነው» የሚል ድምፅ ብቻ። ለእሳቸው ድምፅህ ምን ይሠራላቸዋል? ጨለማውን ስክሪን ሲያዩ ቆይተው አሥሩን ጣታቸውን ለጨለማው ዘረጉለት። እዚያም ያሉት ያው ሌቦች ናቸው ማለት ነው። አንተም ደብተር ግዛና መለካት ጀምር፤ ከሁለት በኩል እንይዛቸዋለን።

ታላቅ እህትህ


ታኅሣሥ 9 ቀን

ለእታለም፤

ሰላምሽ ይብዛ። ዘገየሁብሽ፣ ይቅርታ። ሥራ በዝቶ ነው።

እዚህም መስመሩ ከፍቷል። ምን ይደረግ፣ የዘመኑ ነገር ነው። እታለም፣ ይህን ነገር ብትተይው አይሻልም? ኩባንያ ታግለሽ አትችይውም፤ ጤናሽን ነው የምትጎጂው። ለአባባ በደብዳቤ የምጽፈውን አንቺ በእጅሽ ንገሪልኝ፤ ይበቃል። አሁን ደህና ነኝ፣ ሥራም ደህና ነው በያቸው።

እሑድ በስልክ የአባባ መነጽር አርጅቷል ብለሽኝ ነበር። ለእሱ የሚሆን ትንሽ ገንዘብ ልኬያለሁ።

ወንድምሽ


ታኅሣሥ 26 ቀን

ለወንድሜ፤

የላከውን እጅ ይባርክልህ፤ መነጽሩ ተገዛ። አባባ በአዲሱ መነጽር አሁን የአዋላጇን ጣት ብቻ ሳይሆን የጥፍር ቀለማቸውን ይለያሉ። የቀራቸው አንተን ማየት ብቻ ነው።

ተይው አልከኝ። ያንን ቃል ከአንተ አልጠበቅኩም። እኔ ብተወው እሳቸው በምን ይናገሩሃል? «አንቺ ንገሪልኝ» ትላለህ፤ እኔ ስነግራቸው የእኔን እጅ ነው የሚያዩት። «ደህና ነው ይላል» ስላቸው «እሱ ሲለው ልይ» ይላሉ። ከኅዳር ማብቂያ ጀምሮ ደግሞ እጃቸውን ኪሳቸው ከተዋል። በእኛ ቤት ይህ ምን እንደሆነ ታውቃለህ፤ እናታችን የሞተች ሳምንት ነበር እንዲህ ያደረጉት። ይበላሉ፣ ይሠራሉ፣ ከዚያ እጃቸውን ኪሳቸው ከተው ግድግዳ ያያሉ። አዝኛለሁ፤ ፈርቻለሁም።

ፊደልህስ ምን ሆነ? ዶሮ የጫረው ይመስላል። አውቶቡስ ውስጥ ነው የጻፍከው? ዱሮ አባባ የፊደልህን ውበት ለደንበኛ ያሳዩበት ነበር።

ጉዳዩ የሸማቾች ጥበቃ ቢሮ ደረሰ። ብቻዬን አይደለሁም፤ መስማት የተሳናቸው ልጆች ትምህርት ቤት አንዲት መምህርት ስለ እኔ ሰምታ የሠላሳ አንድ ቤተሰብ ፊርማ ይዛ መጣች። ሁሉም በቪዲዮ የሚያወራ ዘመድ አለው፣ ሁሉም በወሩ አጋማሽ ዲዳ ይሆናል። ባለፈው ሐሙስ ተሰማን። ክፍሉ ጠባብ ነው፣ ሦስት ረጅም ጠረጴዛ፣ የሚንጫጫ ማራገቢያ። የኩባንያው የሕግ ሰው ጥሩ ሱፍ ለብሷል።

«ቪዲዮ የመዝናኛ አገልግሎት ነው» አለ፣ «ደንበኛዋ የድምፅ አገልግሎት አልተቋረጠባቸውም።»

«አባቴ ድምፅ አይሰሙም» አልኩት።

«እሱን ኩባንያው በምን ያውቃል?»

«ይኸው አወቀ!» አልኩና ደብተሩን ጠረጴዛው ላይ አኖርኩት። ትንሽ በኃይል ሳላኖረው አልቀረሁም።

ሰብሳቢዋ አባባ የሚሉት ካለ ጠየቁ። ያን ቀን እጃቸውን ከኪሳቸው አወጡ። ቆሙ። እኔ አስተረጎምኩ፦ «አንድ ሰው መጽሐፍ ጠርዝልኝ ብሎ ይከፍለኛል። እኔ ሲሶውን ገጽ ሰፍቼ የቀረውን ባዶ ወረቀት ባደርገው፣ ሽፋኑ ግን ያምራል፣ ውፍረቱም ልክ ነው። ይህ ሰው ቤቱ ገብቶ ሲከፍተው ምን ይለኛል?» የጠየቀ እጁን አያወርድም ብዬሃለሁ፤ የሕግ ሰውየውን እያዩ እጃቸውን እንደያዙ ቆሙ። በመጨረሻ ሰውየው «ሌባ ይልዎታል» አለ፣ ቀስ ብሎ። አባባ እጃቸውን አወረዱና ተቀመጡ።

ውሳኔው በጥር ነው። አንተ ግን ጻፍልኝ፤ በደንብ ጻፍልኝ።

ታላቅ እህትህ


ጥር 18 ቀን

ለወንድሜ፤

ጤናህን እለምናለሁ፤ ዘንድሮ ይህን የምለው ለወጉ አይደለም።

አሸነፍን። ኩባንያው መቼ እንደሚያንቅ ማስታወቂያው ላይ በትልቁ እንዲጽፍ ታዘዘ፤ በእጅ ለሚናገሩ ሰዎች ተመዝግበው እስከተገኙ ድረስ መስመሩን እንዳያቀዘቅዝ ታዘዘ። የእኛ ስልክ ቁጥር በዝርዝሩ የመጀመሪያው ነው። ትናንትና ዛሬ ለካሁ፤ አሥራ ሦስት። የወሩ አሥራ ስምንተኛ ቀን ነው፣ አሥራ ሦስት! መምህርቷ ደውላ አለቀሰችልኝ። እኔም ላለቅስ ስል ደብተሩን አገላበጥኩ፣ እንደ ልማዴ መጨረሻ ላይ አንዴ ለማየት። እንባዬ እዚያው ደረቀ።

እኔ ያንተንም እሑዶች መዝግቤ ነበር። ኅዳር 6፣ መስመር አሥራ ሁለት፣ አዋላጇ አሥር ጣት አውጥተው አባባ አሥር ቆጠሩ፤ አንተ ጨለማ። ታኅሣሥ 4፣ መስመር አሥራ ሁለት፣ አንተ ጨለማ። ጥር 2፣ አሥራ ሦስት፣ አንተ ጨለማ። ከትናንት በስቲያ፣ ጥር 16፣ መስመሩ ከተከፈተ የመጀመሪያው እሑድ፤ አባባ ጢማቸውን ተላጭተው አዲሱን መነጽር አድርገው ተቀምጠዋል፤ አንተ «ካሜራው»። መስመሩ ደካማ ነው ያልከውን ድምፅህን ደግሞ እያንዳንዷን ቃል፣ አብሮህ የሚኖረው ሰው የበር እጀታ ሲያዞር ጭምር፣ ጥርት አድርጌ ሰማሁት።

አሥራ ዘጠኝ ዓመት የሰው ሚዛን መርምሬ የራሴን ወንድም ሳልመረምር ቀረሁ። የጎደለው ከኩባንያው ብቻ አይደለም። መስከረምና ጥቅምት ኩባንያው አንቆናል፣ እውነት ነው፤ ከዚያ በኋላ ግን አንተ ከኩባንያው ጀርባ ተደብቀሃል። እሳቸውን ሦስት ወር ለጨለማ ጣት ሲያስዘረጋ የቆየው ማነው?

ታስረህ ከሆነ ንገረኝ። ታመህ ከሆነ ንገረኝ። ፊትህን እሳት በልቶት ከሆነ ንገረኝ። ቆሽቴ አርሯል፤ ግን እህትህ ነኝ፤ የነገርከኝን ሁሉ ተሸክሜ እቆማለሁ። ካሜራው ተበላሸ የሚል ሌላ ደብዳቤ ግን እንዳትልክልኝ፤ ሳልከፍተው እመልሰዋለሁ።

እጄን አላወርድም። እየጠበቅኩ ነው።

ታላቅ እህትህ


ጥር 28 ቀን

እታለም፤

ሰላምታውን ዝለይልኝ፣ አፍሬ ነው።

ይህን በግራ እጄ ነው የምጽፈው። የፊደሌ ነገር ያ ነው። ጥቅምት 25 የቀኝ እጄን ሁለት ጣት መቁረጫው ወሰደው፤ ትንሿንና ከእሷ ቀጥሎ ያለችውን።

ሁለት ቁልፍ አለው ብዬ ጽፌልሽ አልነበር? ውሸት አልነበረም። ሁለቱን መጫን ጊዜ ይፈጃል። የደብተሩ ሥራ ሲጣደፍ፣ አለቃው ስንት ደረሰ ሲል፣ የግራውን ቁልፍ በፕላስተር አሰርኩት። በአንድ እጅ እየተጫንኩ በሌላው ወረቀቱን አስተካክላለሁ፤ ከሁሉ እኔ እፈጥን ነበር። ተይው፣ ለፍጥነት ስል ነው። ለአባባ «አይስጉ» ብዬ ከጻፍኩ በአሥራ ሦስተኛው ቀን።

ቁስሉ ድኗል፤ ሥራም አልተባረርኩም፣ ቆጠራ ላይ አድርገውኛል። አያመኝም። የሚያመኝ ሌላ ነው። ስወጣ ጣቢያው ድረስ ሸኝተውኝ አባባ የነገሩኝ አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ አንቺም ቆመሽ አይተሻል። ሁለቱን እጄን ያዙና ሳሙኝ፤ ከዚያ «ምላስህን ጠብቅ» አሉኝ። ለእሳቸው እጅ ምላስ ነው። ሌላ ምንም አላሉኝም፤ ገንዘብ ላክ አላሉኝም፣ ቶሎ ተመለስ አላሉኝም። ያችኑ አንዷን አልጠበቅኩም።

በመስተዋት ፊት ቆሜ ሞከርኩት እታለም። ቃላቱ ግማሽ ሆነዋል። «እናት» ማለት አልችልም። ስሜን ማለት አልችልም፤ እሳቸው ያወጡልኝ ስም ትንሿን ጣት ቀና ማድረግ ነበር፣ የቤቱ ትንሽ ነኝና። በግራ እጄ ስለው የሌላ ሰው ስም ይመስለኛል። አሥሩን ጣት ዘርግቼ ደህና ነኝ እንዳልላቸው ስምንት ነው ያለኝ። አንቺ ደግሞ በየደብዳቤሽ ጣት የሚያስቆጥር መስመር፣ ጣት የሚያስቆጥር መስመር ትያለሽ። ለእኔ ስትይ እኔኑ እንደምታጋልጪኝ ሳነብ ስቄም አልቅሼም ነበር። ማሸነፍሽን አልፈለግኩም። ይቅር በይኝ፤ መስመሩ እንደታነቀ እንዲኖር ጸልዬ አውቃለሁ።

አትንገሪያቸው። የካቲት 14፣ በተለመደው ሰዓት፣ ካሜራውን እከፍታለሁ። እኔው ላሳያቸው።

ወንድምሽ


የካቲት 23 ቀን

ለወንድሜ፣ ለዓይኔ፤

ስምንት ጣት ያተረፈልኝ ፈጣሪ የተመሰገነ ይሁን፤ አንድም ባይተርፍ ወንድሜ ነህ። ደብዳቤህን ሳነብ መሬት ላይ ነው የተቀመጥኩት። ተናድጄብህ ነበር፤ አሁንም የተረፈ ንዴት አለኝ፤ ስትመጣ እጨርሰዋለሁ። ባለፈው እሑድ አልተከፈተም ብለህ ሳትበሳጭ አልቀረህም። «አትጨነቅ፣ ደብዳቤ ጠብቅ» ያልኩህን አጭር መልእክትም ሳታምነው እንዳነበብከው እገምታለሁ። የካቲት 14 አንተ በመጨረሻ ያየኸው ባዶ ወንበር ነው። ከስክሪኑ ውጪ የሆነውን እኔ ልንገርህ።

እጅህን ስትዘረጋ እሳቸው አሥራቸውን ዘርግተው ነበር። አዩህ። ከዚያ በእጅጌያቸው ስክሪኑን ወለወሉት፤ ይህን አይተሃል። ደግመው ወለወሉት። ወደ እኔ ዞረው ምን እንዳሉኝ ግን አላየህም፦ «ገንዘብሽን አስመልሺ፤ ይህ መስመር አሁንም ጣት ይበላል።»

«ምስሉ ልክ ነው አባባ» አልኳቸው።

«ልክ ነው?»

«ልክ ነው።»

ተነሥተው የሄዱት ያኔ ነው። ተቆጥተው መስሎህ እጅህን ሳታወርድ ብዙ መቆየትህን አይቻለሁ። መጥረዣ ክፍላቸው ገብተው ተቀመጡ። አለቀሱ፤ አልዋሽህም። እኔም በሩ ላይ ቆሜ አለቀስኩ።

በማግስቱ ጠዋት የመጽሐፍ መስፊያ ክር ይዘው መጡና ቀኝ እጃቸውን ዘረጉልኝ። ትንሿን ጣትና ከእሷ ቀጥሎ ያለችውን አጥፈው «እሰሪልኝ» አሉ። ደንግጬ እምቢ አልኩ። እምቢ ስል በጥርሳቸው ሊያስሩት ሲሞክሩ አሰርኩላቸው። ከዚያን ቀን ጀምሮ በሦስት ጣት ነው የሚውሉት። በሦስት ጣት ሙጫ ይቀባሉ፣ በሦስት ጣት አዝራር ይቆልፋሉ፤ ሲኒ ሰብረዋል፣ ግድ አልሰጣቸውም። በሦስት ጣት ደግሞ ይናገራሉ። እያንዳንዷን ቃል እያነሡ፣ ሁለቱ ጣት ከሌለ ትቆማለች ወይስ ትወድቃለች ብለው ያያሉ። የምትወድቀውን እንደ መጽሐፍ ጠርዝ ይከረክሟታል፣ እስክትስተካከል። «ውሃ» አልተቸገረችም። «ነገ» ትንሽ ተለወጠች። «እናት» ላይ ሦስት ቀን ፈጀባቸው፤ ሙሉውን እጅ ጉንጭ ላይ ማድረግ አይደል፣ ሊነኳት አልፈለጉም። በአራተኛው ቀን ሦስቱን ጣት ጉንጫቸው ላይ አሳርፈው ቆዩና «ሙቀቱ ያው ነው» አሉኝ።

ባለፈው እሑድ እንድከፍት ያልፈቀዱት አልጨረስኩም ብለው ነው። መጋቢት 12 ይጨርሳሉ፤ በተለመደው ሰዓት። አንድ ነገር ተዘጋጅ፤ የመጀመሪያው ጥያቄያቸው ስለ ሁለቱ ቁልፍ ነው። መልስ እስኪያገኙ እጃቸውን አያወርዱምና ስለ ፕላስተሩ እውነቱን ንገራቸው፣ ይቆጡህ፣ ተቆጥተው ይውጣላቸው። ስምህም ተለውጧል። ከእንግዲህ አውራ ጣት ነህ፤ «ትንሽነቱ አበቃ» ብለዋል።

ኩባንያው በ19ኛው ቀን «ለጥገና» ብሎ መስመሩን ወደ ሁለት አውርዶት ነበር። ሁለተኛውን ደብተር ይዤ በነጋታው በር ላይ ቆምኩ፤ ባለ ሱፉ ራሱ ወጥቶ «ይመለሳል፣ ዛሬውኑ ይመለሳል» አለኝ። ተመለሰ። የመጋቢት 12 መስመር ጣት ባያስቆጥር እዚያው በራቸው ላይ ነው የማድረው።

ብቻ ስትከፍት እንዳትደነግጥ፤ አባባ የሚዘረጉልህ ስምንት ጣት ነው። እኔም ክሬን አስሬያለሁ። በእኛ ቤት አሁን ደህና ነኝ የሚባለው እንደዚያ ነው።

ታላቅ እህትህ